የአብተው ረዳት

«ድንኳኑ ሳይነቀል ትናገራለች» አለች አሳየች። «ካልተናገረች ሌላ ስም አውጡልኝ።»

ይህን ያለችው በሹክሹክታ ነው። የአሳየች ሹክሹክታ ግን ከባቡር ጣቢያው እስከ ወንጂ መገንጠያ የሚሰማ ነገር ነው። ካርታ ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ዞሩ፤ ንፍሮ የምታዞረው ሴት ሰፌዷን እንደያዘች ቆመች፤ የእድሩ ዳኛ አቶ መርዳሳም መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት።

የአብተው ለቅሶ ነው። ናዝሬት ከተማ ከሆነች ጀምሮ እንዲህ ያለ ለቅሶ አላየችም። ከአሰብ እስከ ሻሸመኔ መሪ የሚጨብጥ ሰው ሁሉ መኪናውን አቁሞ መጥቷል፤ ከጣቢያው ጀርባ ያለው መንገድ በፊያትና በተሳቢ ከመሞላቱ የተነሳ የከተማው ጋሪዎች አገር ዞረው ነበር ገበያ የሚደርሱት። የናዝሬት ነፋስ እንኳ፣ ያ ቆርቆሮ ነቅሎ ሞጆ የሚያደርስ ነፋስ፣ የለቀስተኛውን ብዛት አይቶ ድንኳኑን በአክብሮት ነው የሚገፋው። ወንጂ አፍንጫቸው ሥር ሆና ስኳር በቀበሌ በሚታደልበት በዚያ በአብዮቱ ዘመን፣ እዚያ ድንኳን ውስጥ ሻይ እየጣፈጠ ይቀርብ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት ብርጭቆ ጠጥተው፣ ስኳሩ ከየት መጣ ሳይሉ ወጡ። ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ።

ትናገራለች የተባለችው የአብተው ልጅ ዘመናይ ናት። ገና ትምህርት ቤት ያልገባች፣ ድሮ አፏ ከዓይኗ ቀድሞ የሚነቃ ልጅ። የአባቷ አስከሬን ከመጣበት ዕለት ጀምሮ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ እንባም አልወጣትም። ጓዳ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች። ሲያጎርሷት ታላምጥና እህሉን አፏ ውስጥ ትረሳዋለች።

«እኔ ያልኩትን ብያለሁ» አሉ ወይዘሮ ሙሉብርሃን። የአብተውና የአሳየች እናት ናቸው፤ ከምንጃር የመጡ፣ ልጃቸውን ቀብረው ወገባቸው ያልተበገረ ሴት። «ድንኳኑ ሲነቀል ልጅቱን ይዣት እሄዳለሁ። ጠበል ትጠመቃለች፤ ከዚያም እኔው ዘንድ ታድጋለች። ይኼ ቤት አፏን ዘግቶባታል።»

ከፍራሹ ጥግ የአብተው ሚስት የጤናዬ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ባሏን ከቀበረች ወዲህ የቀረቻት ያቺው ልጅ ብቻ ናት፤ ግን በባል ለቅሶ ላይ ለአማት መልስ አይሰጥም። አሳየች ያን ከንፈር አይታዋለች። አፏን የከፈተችውም ለዚያ ነበር።

«በምን ልታናግሪያት ነው?» አሉ እናቷ።

«በጨዋታ።»

«በምን አልሽ?»

«በጨዋታ፣ እማዬ። ሕፃን በአፉ አልወጣ ያለውን በእጁ ነው የሚያወጣው። እኔ ዘንድ የመጡት ልጆች ድንጋይ ነበሩ፤ ዛሬ ዝም በሉ ብትያቸው አይሰሙሽም።»

አሳየች ላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ ባለ የሕፃናት ማሳደጊያ ሞግዚት ናት። የኦጋዴን ጦርነት ወላጅ ያሳጣቸውን ልጆች ታሳድጋለች። አንድ ጊዜ አንዲት ጀርመናዊት መጥታ፣ ልቡ የተጎዳ ልጅ በጨዋታ እንዴት እንደሚታከም በአስተርጓሚ ሦስት ሳምንት አስተምራቸው ነበር። ሦስቱ ሳምንት በአሳየች አፍ ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ጀርመናዊቷም ስትለያት አልቅሳ፣ በርሊን ካልወሰድኩሽ ብላ አውሮፕላን አስቁማለች።

«የወንድምሽ አፈር ሳይደርቅ ጨዋታ» አሉ ወይዘሮ ሙሉብርሃን። «ለቅሶ ቤት ልጅ ሲጫወት ሟርት ነው። ሌላ ሬሳ ይጠራል።»

አሳየች አገጯን ወደ ወንዶቹ ቀሰረች። «እነዚህስ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምን እየሠሩ ነው?»

ከተጫዋቾቹ አንዱ ካርታውን ጭኑ ሥር ሸጎጠ።

«እነሱማ ሐዘን እያስረሱ ነው።»

«እሷስ የማን ሐዘን ነው ያለባት?»

አቶ መርዳሳ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። «እንግዲህ ዳኛ ብላችሁኛል፣ ልፍረድ» አሉ። «ድንኳኑ ነገ ከሰዓት ይነቀላል። እስከዚያ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ከአክስቷ ጋር ትዋል። ከተናገረች እናቷ ዘንድ ትቀራለች። ካልተናገረች እማማ ሙሉብርሃን እንዳሉት ይሆናል። ይስማማዎታል?»

«ይሁን» አሉ ወይዘሮ ሙሉብርሃን። «የሷን አፍ ማስያዝ አቅቶኝ አረጀሁ፤ አንድ ቀን ምን ይጎዳኛል።»

የአብተው አሟሟት በዚያ ድንኳን ውስጥ በየቀኑ ያድግ ነበር። በአሰብ መንገድ ላይ፣ ከባድ ጭነት እንደጫነ፣ ዳገት መሃል ሞተር ጠፋበት ተባለ። መኪናው ወደኋላ መንሸራተት ጀመረ፤ ከኋላ ሰው የሞላ አውቶቡስ አለ። ረዳቱ ዘሎ ወረደ፤ ታኮ ቢፈልግ፣ ያ ከጎማ ሥር የሚወተፈው ሹል እንጨት፣ ታኮ የለም። አብተው መዝለል ሲችል አልዘለለም። መሪውን ጠምዝዞ ከነመኪናው ገደል ገባ፤ አውቶቡሱ ዳነ። መጀመሪያ አውቶቡሱ ሠላሳ ሰው ነበረበት። የመተሐራ ሾፌሮች ሲመጡ ስልሳ ሆነ። የአዋሽ ሰዎች ደግሞ ሙሽራ ከነሚዜዎቿ አሳፈሩበት። ከሁሉ አሳምራ የምትናገረው አሳየች ነበረች፤ እሷ ስትናገር የጎማው ጩኸት ይሰማል፣ አቧራው ዓይን ይገባል። ረዳቱ ራህመቶ፣ ጺሙ አፉን የሸፈነ ትልቅ ሰው፣ ድንኳኑ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። እስቲ አንተ ንገረን ሲሉት «ሐዘኑ አፉን ይዞት ነው፣ ተዉት» ትላለች አሳየች ቀድማ።

ለዘመናይ ግን ማንም ምንም አላላትም። አገሩ እንደዚያ ነው። ለአዋቂ እንኳ መርዶ ሲነገር ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው፤ ለሕፃን የሚላክ ሽማግሌ የለም። «አባትሽ አሰብ ነው፤ ይመጣል» ተባለች። ደጃፉ ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ እናቷ ፀጉሯን ተላጭታ፣ አገር ሙሉ ደረቱን እየደቃ፣ አባትሽ አሰብ ነው። በድንኳኑና በጓዳው መካከል ያለው ደግሞ አንድ የቺት መጋረጃ ነው።

አሳየች ያን ዕለት ከሰዓት ቦርሳዋን ይዛ ጓዳ ገባች። ከዚያ ቦርሳ የወጣው ዕቃ ሱቅ ይከፍታል፤ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ ባለቀለም እርሳስ፣ የተላገ እንጨት፣ በክር የተሰካ ቆርኪ። ሁሉን ደርድራ ጀመረች። እንደ ጅብ ጮኸች። እንደ አህያ አናፋች። የቀበሌውን ሊቀመንበር አነጋገር ከነጉሮሮ ማጽጃው አስመሰለች፤ ከመጋረጃው ማዶ አንድ ሰው ሳቁ አምልጦት ለቅሶ አስመሰለው። አሻንጉሊቷን «እኔ ዘመናይ እባላለሁ፤ ማውራት እወዳለሁ» አሰኘቻት።

ዘመናይ ወደ ግድግዳው ዞረች።

አሳየች ላቧን ጠረገች። ያን ያህል ተውኔት በአዲስ አበባ ቢታይ ሰው በር ሰብሮ ይገባ ነበር፤ እዚህ ግን አንዲት ሕፃን ጀርባዋን ሰጠቻት። ቆይታ ቆይታ የጀርመናዊቷ ትምህርት ትዝ አላት። ሴትየዋ በጀርመንኛ ያለችው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ አሳየች የሾፌር እህት ናትና እንዲህ ነው የያዘችው፤ ልጁ ነው ሾፌሩ፣ እናንተ ተሳቢ ናችሁ። ተሳቢ ከፊት አይቀድምም።

ጤናዬ ሻይ ይዛላት ገባች። ልጇን አየችና ዓይኗን መለሰች።

«አብተው እንዴት ነበር የሚያጫውታት?» አለቻት አሳየች።

ጤናዬ ፊቷ ትንሽ ተፈታ። «እሱ መቼ ያጫውታታል፤ እሷ ናት እሱን የምታጫውተው።»

ድንኳን ውስጥ የሚወራለት አብተው ሽፍታ ያባረረ፣ በአንድ ቁጭታ ሙክት የጨረሰ፣ የኬላ ወታደር ሲያየው ሰንሰለቱን ራሱ የሚያወርድለት ሰው ነው። ጤናዬ የምታውቀው አብተው ሌላ ነበር። ከጣቢያው መታጠፊያ ላይ ክላክሱን ሲነፋ ዘመናይ ሮጣ ትወጣለች። ሰውየው ያንን ቤት የሚያህል ፊያት ደጃፉ ላይ አምጥቶ ያቆምና፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ረዳት» ይልና ታኮውን ያቀብላታል። እሷ እንደ ሕፃን አቅፋ ወስዳ ከኋላ ጎማ ሥር ትወትፈዋለች፤ በእግሯ መታ መታ ታደርገዋለች። «ይዟል» ትላለች። «ይዟል» ሳትለው አይወርድም፤ ቢዘንብም፣ በረሃ ሲጠብሰው ሰንብቶ ቢመጣም። ከወረደ በኋላ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ ይለፍፋል። «ይቺ መኪና ፍሬን አላት ብላችሁ እንዳትሞኙ። የሚያቆማት የዘመናይ ታኮ ነው። እሷ ባታስገባላት ብቻዋን ጅቡቲ ትገባ ነበር።» ሰው ይስቃል። ልጅቱ አትስቅም፤ እውነት ነው ብላ ነው።

«የመጨረሻ ዕለት ግን ተኳርፈው ነበር የተለያዩት» አለች ጤናዬ። «ላንጋኖ ወስዶ ሐይቁን ሊያሳያት ቃል ገብቶላት፣ ድንገት ለአሰብ ጭነት ጠሩት። ሳትስመው ቀረች። እሱም ከመውጣቱ በፊት የሆነ ነገር ሲፈልግ፣ ጎንበስ ቀና ሲል አይቼዋለሁ። ምን ጠፋህ አላልኩትም። ብጠይቀው ምን ነበረበት።»

በማግስቱ ጠዋት አሳየች አሻንጉሊቷንም እርሳሱንም ቦርሳ ውስጥ መልሳ፣ ለለቅሶው ወጥ የተከፈተ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮና ጥቂት ቆርኪ ብቻ መሬት ላይ አስቀመጠች። አጠገባቸው ቁጭ አለች። ከዚያም በዕድሜዋ ሠርታው የማታውቀውን ሥራ ጀመረች፤ ዝም አለች።

ይህን ሥራ ቀላል የሚለው አሳየችን የማያውቅ ነው። የአንገቷ ሥር ተገተረ። ምላሷ ከጥርሷ ኋላ እንደታሰረ ወይፈን ተራገጠ። አንዲት ዶሮ ገብታ፣ ቤቱን ገምግማ ወጣች፤ አሳየች ስለ ዶሮዋ እንኳ አስተያየት አልሰጠችም። እዚያ ላንጋኖ ያሉ ባልደረቦቿ ቢያዩ ሐኪም ይጠሩላት ነበር።

ዘመናይ ዞረች። ቆርቆሮውን አየች፤ አክስቷን አየች። ዶሮዋ የወጣችበትን በር አየች። ከዚያ እጇን ሰደደች።

ቆርቆሮውን በጎኑ አስተኛችው። ከአልጋው ሥር የተሰነጠቀ ጣውላ ጎትታ አንድ ጫፉን ፍራሹ ላይ አስደገፈች፤ ዳገት ሆነ። ቆርቆሮውን እየገፋች በዳገቱ ላይ አወጣችው። መሃል ሲደርስ ለቀቀችው። ተንከባልሎ ወርዶ ግድግዳ መታ።

«መኪናው ወደኋላ ወረደ» አለች አሳየች። ያየችውን ብቻ። ጀርመናዊቷ አትጠይቁ፣ አትምከሩ፣ ያያችሁትን ብቻ በሉ ብላ ነበር፤ ይህኛው በትክክል ነው የተተረጎመው።

ልጅቱ እንደገና አወጣችው። ለቀቀችው።

«ወደኋላ ወረደ። ተጋጨ።»

እንደገና። እንደገናም። የቆርቆሮው ጩኸት መጋረጃውን አልፎ ሄደና ወይዘሮ ሙሉብርሃንን ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆመው ቆርቆሮው ሲወርድ፣ ግድግዳ ሲመታ፣ ሲገለበጥ አዩ። ፊታቸው አመድ ለበሰ።

«የልጄን ሞት ነው የምታጫውቻት» አሉ። ቆርቆሮውን ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ አሳየች እጃቸውን ያዘቻቸው።

«እማዬ፣ ተቀመጪ። እባክሽ።»

ይህኛው እውነተኛ ሹክሹክታ ነበር። ወይዘሮ ሙሉብርሃን ከወለዷት ጀምሮ ከዚህች ሴት አፍ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምተው አያውቁም፤ ከመደንገጣቸው የተነሳ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

ዘመናይ አያቷን አላየችም። የፍራሹን ሌላ ጫፍ ገለጥ አድርጋ እጇን እስከ ክርኗ ከተተችና በአሮጌ ቀሚሷ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ፈታችው። ግሪስ የጠጣ ሹል እንጨት፤ የአብተው ታኮ።

ቆርቆሮውን ዳገቱ ላይ አወጣችው፤ ታኮውን ከኋላው ወተፈችው። ቆርቆሮው ቆመ። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ታኮውን ሳበችው። ቆርቆሮው ወረደ።

«ታኮ ሲኖር ይቆማል» አለች አሳየች። «ታኮ ሲወጣ ይወርዳል።»

«እኔ ነኝ የደበቅኩት» አለች ዘመናይ።

ድምፅዋ ዝጎ ነበር። ወይዘሮ ሙሉብርሃን በእጃቸው አፋቸውን ያዙ።

«ላንጋኖ አልወስድሽም ሲለኝ ደበቅኩት። ታኮ ስላጣ ነው ገደል የገባው። እኔ ነኝ።»

ውርርዱ ተበልቷል። ድንኳኑ አልተነቀለም፣ ልጅቱ ተናግራለች፤ አሳየች በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ መጋረጃውን ገንጥላ ወጥታ፣ ወሬውን ሞጆም ዝዋይም በአንድ ትንፋሽ ታደርሰው ነበር። አልተንቀሳቀሰችም። ያንን ገደል የቆፈረችው እሷ ናታ። ዳገቱን የሠራችው፣ አውቶቡሱን ከኋላ ያስከተለችው እሷ ናት። ራህመቶ አስከሬኑን ይዞ የመጣ ዕለት ነገሩን እንደሆነው ነግሯት ነበር፤ «አብተው ተኝቶ ሞተ ተብሎ ይወራ? ዝም በል አንተ» ብላ አፉን ያዘችው። እንደ ወንድሟ ያለ ሰው ትልቅ ሞት ነው የሚገባው ብላ። ጠዋት ታኮ ጠፍቶት እንደነበረ ከዚያው ከራህመቶ ሰምታ፣ ለታሪኩ ማጣፈጫ ጣል አደረገችበት። ማጣፈጫው መጋረጃውን አልፎ ገብቶ፣ እዚህ ፍራሽ ላይ ከልጅቱ ጋር ሲያድር ሰነበተ።

«ይኼን ታኮ ብቻሽን ይዘሽው ቆየሽ» አለች። «ከባድ ነው።»

ዘመናይ ራሷን ነቀነቀች።

አሳየች ተነስታ ወጣች። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ አፏን አፏን አየ። «እህሳ፣ ተናገረች?» አለ አንዱ ሾፌር። መልስ ሳትሰጠው አለፈች፤ ሰውየው እስከ ዛሬ ይህን ሲያወራ የሚያምነው የለም። ራህመቶን በክንዱ ይዛ አስነሳችው።

«ና፣ እንደሆነው ንገራት» አለችው። «እኔ ያልኩትን ሁሉ ተወው።»

ራህመቶ ጓዳ ሲገባ ልጅቱን አየ፤ ታኮውን አየ። ጫማውን አውልቆ መሬት ተቀመጠ። ጣውላውን ከፍራሹ ላይ አነሳና መሬት ላይ አጋደመው።

«ሜዳ ነበር፣ ዘሙ» አላት። «ዳገት የለም። ገደልም የለም።»

ቆርቆሮውን ጣውላው ላይ አስቀመጠ። «እዚህ ግራር ሥር አቆመ። ደክሞኛል አለኝ። እኔ ወርጄ ድንጋይ አስገባሁ።» ሁለት ቆርኪ አንስቶ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ አደረገ። «እስቲ ግፊው።»

ዘመናይ በጣቷ ገፋችው። ቆርቆሮው አልሄደም።

«ይኸው። ያች መኪና ጋት አልተነቃነቀችም። አባትሽ ጋቢውን ለበሰና ጋደም አለ። ቀትር ነበር።»

«ተቆጥቶ ነበር?»

«ማን? አብተው?» ራህመቶ ጺሙ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። «ከናዝሬት እስከ አዋሽ እየሳቀ ነው የነዳው። ረዳቴ ታኮዬን አገተችብኝ፤ ላንጋኖ ካልወሰድኳት አትለቅልኝም፤ እንዲህ ያለ ረዳት በአገሩ የለም እያለ። መተሐራ ሻይ ቤት ላገኘው ሾፌር ሁሉ አወራ። አዋሽ ስንደርስማ ታኮውን ብቻ ሳይሆን ሁለት ጎማ ከነቸርኬው ደብቀሽ ነበር።»

ከዘመናይ አፍንጫ አጭር ትንፋሽ ወጣ። ሳቅ ልትለው ትችላለህ፤ አሳየች በኋላ ስታወራው ድንኳኑ ተንቀጠቀጠ ብላለች።

«ታዲያ ሲነቃ ለምን አልመጣም?» አለች ልጅቱ።

ራህመቶ ቀና አለ። ወይዘሮ ሙሉብርሃን የነጠላቸውን ጫፍ ጨበጡ።

«አልነቃም፣ ልጄ» አለች ጤናዬ። መጋረጃውን ይዛ ቆማ ነበር፤ መቼ እንደመጣች ማንም አላየም። መጥታ ከልጇ ፊት ተንበረከከች። «ልቡ ቆመ። አባትሽ ሞቷል። አሰብ አይደለም ያለው፤ ቀብረነዋል። አይመጣም። ያንቺ ታኮ ምንም አላደረገውም።»

ዘመናይ የእናቷን የተላጨ ራስ በእጇ ነካች፤ አሁን ገና ያየችው ይመስል። ከዚያ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ለቅሶ በዚያ ድንኳን አልተሰማም። ደረት ሲደቁ የሰነበቱ አልቃሾች ጸጥ አሉ፤ ካርታው ተቀመጠ፤ ባቡሩ ፉጨቱን ጀምሮ ያቋረጠው ለእሷ ሲል ነው የሚሉ አሉ። ማንም አይዞሽ አላላትም፤ ማንም አባብሉ አላለም። ጤናዬ አቅፋ ያዘቻት፤ ሁለቱም እስኪበቃቸው አለቀሱ።

ወይዘሮ ሙሉብርሃን ግን ራህመቶን ነበር የሚያዩት። «ሳይጮህ ነው?» አሉት።

«ሳይጮህ፣ እማማ። ፊቱ እንደተኛ ሰው ነበር።»

«እኔ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር እዚያ ገደል ሲወድቅ ነው የማየው። ስንት ጊዜ ወደቀብኝ።» ወደ አሳየች ዞሩ። አሳየች ጠበቀች፤ ጥፊም ቢሆን፣ እርግማንም ቢሆን ይገባኛል ብላ። እናቷ ግን መዳፋቸውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጡ። «እንኳን ተኝቶ ሞተልኝ» አሉ።

አሳየች ወደ ድንኳኑ የተመለሰችው ያን ጊዜ ነው። መሃል ላይ ቆመች።

«ገደል የለም» አለች። «አውቶቡስም የለም፤ ሙሽራዋንም አውርዷት። እኔ ነኝ የጀመርኩት፤ እናንተም ጨመራችሁበት። ወንድሜ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ድንጋይ አስገብቶ፣ ተኛ፤ አልነቃም። ልጅቱ ተናግራለች። እውነቱን ስታገኝ አለቀሰች።»

ሾፌሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አቶ መርዳሳ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ ስንት ሾፌር ቀብሬያለሁ» አሉ። «ፍሬን የበጠሰበትን፣ ድልድይ የገባውን፣ ሽፍታ የመታውን። መኪናውን በሥርዓት አቁሞ፣ ጭነቱ ሳይነካ፣ ረዳቱ ሳይጎዳ፣ ስለ ልጁ ሲስቅ ውሎ የሞተ ሾፌር ግን ገና ዛሬ ሰማሁ። ከዚህ የበለጠ ሞት ያለው ይንገረኝ።»

«እኛንም እንደሱ ያድርገን» አለ አንድ ሾፌር።

«አሜን» አለ ድንኳኑ ሙሉ፤ አሜኑ ወንጂ ድረስ ሸንኮራ አገዳውን አወዛወዘ።

«ስለ ጠበሉስ ምን እንበል፣ እማማ ሙሉብርሃን?» አሉ አቶ መርዳሳ።

ወይዘሮ ሙሉብርሃን ከመጋረጃው ብቅ ብለው ነበር። «ልጅቱ ከእናቷ ጋር ትኑር» አሉ። «ጠበል የምወስደው ይችን ነው።» አሳየችን አሳዩ። «ምላሷ ይጠመቅ።»

ለቅሶ ቤት እንደዚያ ሲሳቅ ማንም አላፈረም።

ከሰዓት የእድሩ ወንዶች ካስማ መንቀል ጀመሩ። ዘመናይ ዓይኗ እንዳበጠ፣ በባዶ እግሯ ወጥታ መሃላቸው ቆመች። «ቀስ። በቀኝ በኩል ቀስ። ገመዱ፣ ገመዱ» ትላለች፤ ከአሰብ እስከ ሻሸመኔ ጭነት ሲያዙ የኖሩ ወንዶች ሁሉ በትዕዛዟ ቀኝና ግራ አሉ። ሸራው በነፋሱ አንድ ጊዜ ተነፍቶ ወረደና ተጠቀለለ።

ሥሩ የነበረው መሬት ጥቁር ነበር። ለካ ድንኳኑ የተተከለው የአብተው ፊያት ዘወትር በምትቆምበት ቦታ ላይ ኖሯል፤ የዓመታት ዘይት እየተንጠባጠበ ሰፌድ የሚያህል ጠቁሯል። አንዲት ሴት አመድ ልትነሰንስበት መጣች።

«ተይው» አሉ ወይዘሮ ሙሉብርሃን።

ጎንበስ ብለው፣ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ አውራ ጣታቸውን እዚያ ጥቁር መሬት ላይ አሹት። ጣታቸውን አዩት፤ አሸተቱት። ዘመናይ ቀርባ ቀና ብላ አየቻቸው። አያቷ ጣታቸውን በነጠላቸው አልጠረጉትም፤ የልጅቱን ጉንጭ በቀስታ ያዙና፣ «የአብተው ረዳት» ብለው፣ ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ አንድ ጥቁር መስመር አሰመሩባት።